ከመስመሩ በታች

መስከረም 19 ቀን

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረስሽ፤ እኔ እስክደርስም ደጅሽ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከሳንባሽ ያርቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሆቴሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከእንፋሎት ጋር ውዬ ከእንፋሎት ጋር አመሻለሁ። ሸሚዝ ተኳሾች አስራ አንድ ነን። አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ አንሰማም፤ ስለዚህም ተጣልተን አናውቅም።

የልጄን የድንቡሼን የአምና ካርድ አገኘሁት። ከሰባ አንድ ተማሪ ሦስተኛ! ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። እንፋሎቱ ማህተሙን ትንሽ አጨማለቀው እንጂ ደረጃዋ በደንብ ይነበባል። አለቃችን አይቶ ሦስት ጣት አወጣልኝ፤ እኔም ሦስት ጣት አውጥቼ መለስኩለት። የዓመቱ ረጅሙ ጨዋታችን ይኸው ነበር።

ድንቡሼዬ፣ አክስትሽ ይህን ስታነብልሽ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። አባትሽ በሰኔ ይመጣል። ባለ ሁለት ኪስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዤልሽ እመጣለሁ። አንቺም ዘንድሮ አንደኛ ውጪና ጠብቂኝ።

———————

ከመስመሩ በታች ያለው እንደ ወትሮው ላንቺ ብቻ ነው፤ ስታነቢላት መስመሩ ላይ ቁሚ። የሰኔው ነገር ገና ነው። ፈቃድ ብጠይቅ «እናያለን» አሉኝ፤ እዚህ «እናያለን» ሲሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል ማለት ነው። እሷ ግን እንደምመጣ ትወቅ። እናቷ ካለፈች፣ እኔም ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆነ፤ እናትም አባትም ሆነሽ አሳደግሽልኝ። ይህችን ትንሽ ውሸት ደግሞ አብረን እናሳድጋት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶ ደጅ ላይ ቆሟል። ግባ ብለው ባለቤቴን እጠብቃለሁ አለኝ። ጤና ይስጥህ፤ ሰጥቶህ ከሆነም ያቆይልህ።

ቁጭ በል። እጅህ ላይ ካውያ ካለ መጀመሪያ አስቀምጠው። ልጅህ ማንበብ አትችልም።

ደብዳቤህ የመጣ ዕለት መነጽሬ ጠፋብኝና «እስኪ ዛሬ አንቺ አንብቢልኝ» አልኳት። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አነሳች፤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ በሰኔ እመጣለሁ፣ በርቺ ተማሪ» እያለች እስከ ታች ወረደች። ድምጿ የዜና አንባቢ ነው። አንዴም አልተደናቀፈችም። የያዘችው የውሃ ቢል ነበር።

ውሃ ክፍያ ቢሮ ያን ያህል እንደሚናፍቀን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አስተማሪዋን አስፈቅጄ ክፍሏ ገባሁ። መጽሐፋቸውን እየዞርኩ ገለበጥኩባቸው። ሰባ አንድ ልጅ የተዘቀዘቀውን ምንባብ በአንድ ድምፅ ውልፍት ሳይል አነበበው። ሌላ ገጽ ግለጡ አልኳቸው፤ ገለጡና ያንኑ የፊተኛውን አነበቡልኝ። ፊደል ገበታው ላይ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲሉ ጣሪያው ይነሳል። ከመሃል «ኩ»ን ነጥዬ ባሳያቸው ግን ከ«ሀ» ተነስተው እየዘፈኑ ካልደረሱባት በቀር አያውቋትም። መንገድ ላይ ካቋረጥኳቸው እንደገና ከ«ሀ»። ከከተማው መግቢያ ካልጀመረ ቤቱን የማያገኝ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ስትስቅ ይታየኛል። አትሳቅ፤ ልጅህ ከእነዚህ መሃል ሦስተኛ ናት።

ስለዚህ አብሮ አደግህን፣ ርዕሰ መምህራችንን፣ ያን ባለማህተሙን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። እግር የሌላቸው ዴስኮች፣ ኳሱን ያጣ የኳስ መረብና ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ አንድ መሪ የሌለው መኪና ወንበር አለበት። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጌ አስገባቸዋለሁ፤ በክፍላቸው ሳይሆን ባወቁት ልክ። በአምስት ልጅ መሃል ከንፈር እያንቀሳቀሱ መደበቅ አይቻልም። ድንቡሼ ከአራት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ተመደበች። አለቀሰች። አግዳሚው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቷ አገጯ ጋ ይደርሳል።

ከዚያ መቀስ አነሳሁና ፊደል ገበታውን ቆራረጥኩት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቁራጭ። ሰልፉ ከተበተነ ዘፈኑም ይበተናል።

ገንዘብ አትላክ። ሸሚዝ ስታጥፉ ደረቱ ውስጥ የምታስገቡት ካርቶን አለ አይደል? እሱን ላክልኝ፤ ቁራጮቹን እለጥፍበታለሁ።

ከመስመር በታች የምጽፈው የለኝም።

እህትህ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለእትዬ፣

የዛሬው ሰላምታዬ ፊቱ ትንሽ ጠቁሯል፤ እንዳመጣጡ ተቀበይው። ቢሆንም ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ተቀይሜም ቢሆን ምርቃት አልነፍግሽም።

ያንቺና የባለማህተሙ ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ደረሱኝ። እሱ «ንብረት በመቀስ አጥፍታለች» ይላል፤ አንቺም «በመቀስ ቆራረጥኩት» ትያለሽ። ሁለት ጠበኞች እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ የወጣች ልጄን አፍንጫቸውን መጥረግ ከማያውቁ ጋር አስቀመጥሽብኝ። አሁን ካርዱን ከግድግዳው ላንሳው? አለቃዬ ሦስት ጣት ሲያወጣልኝ ስንት ላውጣለት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኛስ በዘፈን አይደል እንዴ የተማርነው? እኔ እስከ ዛሬ «ጰ»ን ስፈልግ ከ«ሀ» ነው የምነሳው። ታዲያ ምን ሆንኩ?

ካርቶኑን ልኬያለሁ፤ ሁለት መቶ አርባ ነው። ተስማምቻለሁ ማለት ግን አይደለም።

ድንቡሼዬ፣ አይዞሽ። አባትሽ በሰኔ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

———————

በሰኔ እንግዳ ይበዛል ተባልኩ፤ ፈቃድ የለም። አትንገሪያት። ከዚያ ግምጃ ቤትም አውጪልኝ። ማንበቡ ቀስ ብሎ ይደርስባታል፤ ምን አጣደፋት? ደብዳቤ እንደሆነ አንቺ ታነቢላታለሽ።

ወንድምሽ


ጥር 14 ቀን

ለወንድሜ፣

ጠቋራው ሰላምታህ ደረሰ፤ ካለፈው ጎን አቁሜዋለሁ፤ ሁለቱ እየተጨዋወቱ ነው። ካርቶኖቹም ደርሰዋል። እጅህ ይባረክ፤ ሳይስማማ የሚሰጥ እጅ ድርብ ይባረክ። አንዳንዱ ላይ የሸሚዝ ቁጥር ታትሞበታል፤ ልጆቹ አሁን «ፀ አርባ ሁለት» እያሉ ይጠሩታል።

ወሬ ልንገርህ። ባለማህተሙ ከቢሮው በር በላይ በቀይ ቀለም «ተማሪ አይመታም» የሚል ሰሌዳ አለው። ቡድናችን ውስጥ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ ሁሉን ስለምትዳኝ ዳኛ እንላታለን። እሷ «አይመታም»ን አላልታ አነበበችና «ተማሪ ሰው መምታት ክልክል ነው ማለት ነው» አለች። ድንቡሼ አጥብቃ አነበበችና «የለም፣ ተማሪን መምታት ክልክል ነው» አለች። ፊደሉ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ተከራከሩ። ዳኛ «የጻፈው ሰው ይጠየቅ» ብላ ፈረደች። አምስቱም ተሰልፈው ሄዱ።

ሲደርሱ ባለማህተሙ አንዱን ያረፈደ ልጅ ሊገርፍ የጎማ ቱቦውን ከፍ አድርጎ ነበር። ዳኛ አንጋጣ «ጋሼ፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» አለችው። ቱቦው አየር ላይ ቆመ። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልመለሰላትም።

ለእኔ ግን መለሰልኝ። በሳምንቱ ባለ ማህተም ደብዳቤ መጣ፤ «የንባብ ቡድኑ ከጥር 6 ቀን ጀምሮ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይቀራል» ይላል። ለልጆቹ የዕለቱ ምንባብ አድርጌ አቀረብኩት። ድንቡሼ ቃል በቃል አነበበችው።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኛ እንቀራለን።»

እኔ ደግሞ ትክክል ያነበበ ልጅ አላርምም። ቀረን። ባለማህተሙ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«መምህርት፣ ደብዳቤው አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የታዘዝነውን ነዋ። ቀርተናል።»

«ይቀራል ማለት ይቀራል ማለት ነው!»

«እኮ!»

«ይቀራል ማለት... አይኖርም ማለት ነው!»

«እንደሱ ከሆነ እንደሱ ብለው ይጻፉልኛ።»

ታውቀዋለህ፤ ይህ ሰው በአስራ ስምንት ዓመት አንድ ደብዳቤ አርሞ አያውቅም፤ ማህተም ያረፈበት አይሳሳትም ብሎ ያምናል። አሁንም ከሚያርም ብሎ ሱፐርቫይዘር እንዲመጣልኝ አስጠርቶብኛል። ከአስተማሪነት የሚያስነሳኝ ከሆነም ያስነሳኝ፤ ተነስቼም ማስተማር እችላለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ቆሜ ነው።

«ምን ሆንኩ?» ላልከኝ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሥራ ውልህን ስትፈርም እስከ ስንተኛው ገጽ አነበብከው?

ከቡድኑም አላወጣትም። ድንቡሼ ማስታወቂያ ማንበብ ጀምራለች፤ መንገድ ላይ አላስኬድ አለችኝ። የጸጉር ቤት፣ የመድኃኒት ቤት፣ «ሽንት መሽናት ያስቀጣል»፤ ይህንን ሦስቴ አነበበችው፤ ግድግዳው ሥር የቆመውም ሰውዬ በሦስተኛው ጨርሶ ሄደ። ወንድሜ፣ መስመር የምታሰምርበት ጊዜ እያለቀ ነው። ከእንግዲህ እሷ እንደምታነበው አድርገህ ጻፍ። አስጠንቅቄሃለሁ።

እህትህ


መጋቢት 21 ቀን

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ሁለት ወር ዘግይቷል፤ መንገድ ላይ ደክሞት ነው በይልኝ። ቤትሽ ይሙላ፤ የሚያስቀይምሽ ይጉደል፤ እኔን ጨምሮ።

እዚህ እንፋሎቱ እንዳለ ነው። አዲስ መተኮሻ ማሽን አመጡ፤ በሰዓት የአራት ሰው ሥራ ይሠራል፤ እኛ አስራ አንዳችን ከበን ቆመን እናደንቀዋለን፤ ማድነቁ ግን ጤና አይመስለኝም።

ድንቡሼዬ፣ አባትሽ በሰኔ ይመጣል። ቦርሳሽን ገዝቻለሁ፤ አረንጓዴ ነው። አክስትሽን እሺ በያት፤ ከትልልቆቹ ልጆች ጋር ተቀመጪ፤ ደረጃሽን አትልቀቂ።

———————

ይህ ላንቺ ብቻ ነው፤ እትዬ። አልመጣም። በሰኔም አልመጣም፤ ከርሞም አልመጣም። እስከ ስንተኛው ገጽ አነበብክ ላልሽኝ፣ በቋንቋችን የተተረጎመ ቅጂ ሰጥተውኝ ነበር። አስራ አራት ገጽ። ሰው እያየኝ ስለነበር እንዳነበበ ሰው ግንባሬን ቋጥሬ፣ ጣቴን ምራቄን እያስነካሁ ገለጥኩ፤ ገለጥኩና ፈረምኩ። ለካ ውሉ ከሦስት ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ራሱን ያድሳል። በመስከረም ደግሞ አድሷል።

ሌላም ልንገርሽ። ልጅቷ ሳታነብ ብትቆይ ምን አለበት? እኔ የደብዳቤ አባት ነኝ። አንቺ ስታነቢላት መልካም አባት ነኝ። ራሷ ያነበበች ቀን ምን እሆናለሁ? ከቡድኑ አውጪያት። እንደ ታናሽ ወንድም አልለምንሽም፤ እንደ አባት አዝዤሻለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 16 ቀን

ለወንድሜ፣

ብርታት ይስጥህ። ሌላውን ምርቃት ለሌላ ቀን አቆየሁት፤ ዛሬ የምትፈልገው ይህችን ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ማክሰኞ መጣ። ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መኪና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሹም ቦታውን አገኘ። ባለማህተሙ ከኋላው ቆሞ «ገበታውን እንዳለ ነው የቆራረጠችው፣ ጌታዬ» አለ። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«በቃላችሁ ያልያዛችሁትን ነገር አንብቡልኝ። ካነበባችሁ እንነጋገራለን። ካልሆነ ክፍሉ ዛሬ ይዘጋል።»

መጽሐፍ ሰጠሁት። «አስጠንታቸዋለች» አለ ባለማህተሙ። ጋዜጣ ሰጠሁት። «እሱንም።» ሰውዬው እንዲህ ያምንብኛል፤ ጋዜጣ በሙሉ ለአምስት ሕፃን በቃል የማስጠናበት ጉልበት ያለኝ መስሎታል።

ድንቡሼ ተነሳች። «እኔ ማንም ያላየው አለኝ» አለችና ከኪሷ ፖስታ አወጣች። ዘበኛው ጠዋት በር ላይ ሰጥቷት ኖሯል። ያንተ ፖስታ ነው። ባለማህተሙ ተቀብሎ አገላበጠ፤ የፖስታ ቤቱን ማህተም አየ፤ «አልተከፈተም» ብሎ መሰከረ። ማህተም ያከብራል።

አነበበች። ጣቷን እየነዳች፣ ቀስ ብላ። «እንፋሎት» ላይ ተደናቀፈች፤ ዳኛ ልታግዛት ስትል በክርኗ ገፋ አደረገቻት፤ ተመልሳ ራሷ ያዘችው። «ከበን ቆመን» ላይ ሳቀች። «በሰኔ ይመጣል» ላይ ፊቷ በራ። ሱፐርቫይዘሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ማስታወሻውንም ከፈተ። ከዚያ መስመሩ ጋ ደረሰች።

«ይበቃል ልጄ፣ አየሁ» አላት።

ከእሷ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። የምፈልገውን አግኝቻለሁ፤ ክፍሉ ድኗል። እጄን ዘርግቼ «ጎበዝ፣ አምጪው» ብል ማንም አይጠረጥረኝም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ መስመሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አቋቋሙን አውቀዋለሁ።

«አልጨረስኩም» አለች።

ቀና ብላ አየችኝ። ወንድሜ፣ «አንብቢ» አልኳት። ሳላስብ ነው አልልህም። ማንበብ ያስተማርኳት ሰው ባሰመረው ጋ እንድትቆም አይደለም።

«ይህ... ላንቺ... ብቻ ነው፤ እትዬ። አል-መ-ጣም።» ቀላል ቃል ነው፤ ሁለተኛ ሳምንት ላይ የተማርነው ፊደል ነው። ግን ደግማ አነበበችው። ከዚያ አስራ አራቱን ገጽ፣ ምራቅህን፣ ፊርማህን፣ «ሳታነብ ብትቆይ ምን አለበት» ያልከውን፣ ሁሉንም። ድምጿ የዜና አንባቢ አልነበረም። እስከ «ወንድምሽ» ድረስ አነበበች፤ አጠፈችው፤ ተቀመጠች።

ዳኛ «ታዲያ ላይ ላይ ለምን ይመጣል አለ?» ብላ ጠየቀች። ባለማህተሙ ወለሉን እያየ «እኔ አብሮ አደጉ ነኝ» አለ፤ መመስከሩ ይሁን ይቅርታ መጠየቁ አልገባኝም። ሱፐርቫይዘሩ ማስታወሻው ላይ አንዲት ቃል ጻፈ። ድንቡሼ ከፊት ለፊቱ ሆና በግልባጩ አነበበችው፤ «ታነባለች» ይላል።

ተበድያለሁ ትል ይሆናል። ደብዳቤው የእኔ ነበር፤ እውነት ነው። ማስጠንቀቂያዬንም ልኬልህ ነበር፤ ካላነበብከው ደግሞ ያው ወደ ዋናው ጉዳያችን ተመለስን ማለት ነው። ትእዛዝህን በተመለከተ፣ ራሷን ብጠይቃት «እሱ መጥቶ ያውጣኝ» አለችኝ።

ሁለት ቀን እራቷን ለብቻዋ በላች። መስመሩ ላይ እየቆምኩ ያነበብኩላት እኔ ነኝና ይገባኛል። ደብዳቤዎችህ ያሉበትን ቆርቆሮ አውርዳ፣ ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ የአምስት ዓመቱን ከመስመር በላይም ከመስመር በታችም አነበበች። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ጠየቀችኝ። ቡድናችን ውስጥ ከየምንባቡ በኋላ ጥያቄ አለ፤ መልስ የሚሰጥ ልጅ ከምንባቡ ውስጥ «ይኸው፣ እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ ማሳየት አለበት። የጻፈችውን ሳላርም ልኬልሃለሁ።

እህትህ

*ከምንባቡ በመነሳት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልስ።*

*1ኛ. አባት የሚመጣው መቼ ነው?*

*2ኛ. አባት እመጣለሁ ያለው ስንት ጊዜ ነው?*

*3ኛ. አባት ልጁ እንዳታነብ የፈለገው ለምንድን ነው? በራስህ አባባል ግለጽ።*

*4ኛ. እውነት ወይም ሐሰት በል። አባት ልጁን ይወዳል።*


ግንቦት 20 ቀን

ለልጄ፣

ሰላምታ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። እስከ ዛሬ ለአክስትሽ ስጽፍ ነው የማውቀው። እንደምን አለሽ?

ወረቀትሽን ሥራ ቦታ ከፈትኩት። አለቃዬ ሦስት ጣት አወጣልኝ። ምንም አላወጣሁለትም። መልሶቼ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ዘንድሮ አይመጣም። ከርሞም አይመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው መስከረም ውሉ ያበቃል፤ ሦስት ወር ቀድሞ «አላድስም» ብሎ በጽሑፍ ካመለከተ። ይህ ገጽ አስራ አንድ ላይ ተጽፏል። አሁን አነበብኩት። እረፍት ሰዓት ላይ ሳነብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

2ኛ. ብዙ ጊዜ።

3ኛ. ያነበበ ሰው ይጠይቃላ። ጠያቂ ፈርቼ።

4ኛ. እውነት።

አባትሽ


ሰኔ 11 ቀን

ለወንድሜ፣

ገጽ አስራ አንድ ያነበበውን ዓይንህን ይባርክልህ፤ እስከ አስራ አራትም ያድርስልህ።

የሱፐርቫይዘሩ ውሳኔ እስካሁን አልመጣም። ባለማህተሙ ግን ሳይጠብቅ ግምጃ ቤቱን ቆልፎ «ተዘግቷል» የሚል ለጠፈበት። ጽሑፉን ከልጆቹ ጋር መረመርነው፤ አይጠብቅም፣ አይላላም፣ ሁለት ትርጉም የለውም። ሰውዬው መጻፍ እየተማረ ነው። እኛም ወጥተን ቢሮው መግቢያ ደረጃ ላይ ተቀመጥን፤ አርባ ልጅ፣ ስምንት ቡድን፣ በየደረጃው አምስት አምስት። ቢሮው ለመግባት ጠዋት ማታ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እየዘለለ ነው የሚያልፈው። ሰው ሊያስነሳን ቢመጣ ይምጣ፤ የያዘውን ወረቀት መጀመሪያ እናነብለታለን። አንተም ደረጃ ደረጃ ትል ስለነበር ደስ ይበልህ፤ ልጅህ ከታች ስትቆጠር አራተኛው ደረጃ ላይ ናት። ሁለት አዳዲስ ልጆች ተሰጥተዋት «ኩ»ን እያስያዘቻቸው ነው።

መልስህን አርማዋለች። አማልጄህ ነበር፤ አልሰማችኝም።

እህትህ

*1ኛ. ትክክል ነው። ገጹን ጠቅሰሃል።*

*2ኛ. ስህተት ነው። ብዙ ቁጥር አይደለም። አስራ አራት ጊዜ ነው። እኔ ቆጥሬዋለሁ።*

*3ኛ. ግማሽ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ፈርቼ ተብሎ ዓረፍተ ነገር አያልቅም። ጨርሰው።*

*4ኛ. ዜሮ። ማስረጃ ከምንባቡ አላሳየህም። ድገም።*